የልብን መጻፍና የሰው ገበና መዘርገፍ ለየቅል ናቸው

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ እጅ በእጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ስሜቱን፣ ትዝታውን፣ ጥርጣሬውንና ኀዘኑን በአደባባይ የሚጽፈውን ሰው ሁሉ ይገሥጻል። ጸሐፊው ስሙን ባይገልጥም አጻጻፉ የበሰለ ነው፤ ያነሣውም ጉዳይ ተራ ወሬ አይደለም። ምላሽ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው፤ የተሳሳተ ሐሳብ አምሮ ሲጻፍ ብዙ ሰው አምኖት ይሄዳል።

መከራከሪያዎቹ አምስት ናቸው። የግል ሐሳቡን የሚያጋራ ሰው የሚፈልገው ውዳሴ ነው ይላል፤ ላይክ ባይኖር አንድ መስመር አይጽፍም ነበር። ልማዱም ከውጭ የመጣ ነው፤ የእኛ ሰው የሆዱን በሆዱ ይዞ የኖረ ነው። የተጻፈ ነገር አይመለስም፤ ቤተሰብ ያፈርሳል። ልብን ለማቅለል ከሆነ ደብተር ይበቃል። በአደባባይ መጻፍ ያለበት የሚያውቅ ሰው ነው፤ የተራ ሰው የዕለት ስሜት ለማንም አይጠቅምም። ያጣመምሁበት ነገር ያለ አይመስለኝም፤ በተራ እመልሳለሁ።

ስለ ውዳሴ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ሰው ስለ ራሱ መናገር ያስደስተዋል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎቹ ዲያና ታሚርና ጄሰን ሚቼል እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ ስለ ራሳቸው መናገርን መርጠው፣ ሌላ ጥያቄ ቢመልሱ ያገኙት ከነበረው ገንዘብ ከ17 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ትተዋል። ነገር ግን አንድ ሥራ ደስታ ስለሰጠ ብቻ ለጭብጨባ የተሠራ አይሆንም። ማስተማር የሚያስደስተውን መምህር ሁሉ ውዳሴ ፈላጊ አንለውም።

ደግሞስ ሰዎቹ ምን ይላሉ? ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 ብሎግ (የግል የኢንተርኔት ገጽ) የሚጽፉ አሜሪካውያንን ሲጠይቅ፣ 52 በመቶው በዋናነት የሚጽፉት ለራሳቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ሰው ስለ ራሱ ዓላማ የሚለው ሁሉ እውነት ነው አይባልም፤ ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም በዚያው ጥናት 55 በመቶዎቹ የሚጽፉት በብዕር ስም ነበር። ይህ ቃል ሳይሆን ድርጊት ነው። ስሙን ደብቆ ውዳሴ የሚሰበስብ ሰው ምስጋናውን ወስዶ ለማን ያሳያል? ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ተመራማሪዋ ቦኒ ናርዲና ባልደረቦቿ 23 የብሎግ ጸሐፊዎችን አነጋግረው አምስት ምክንያቶችን ለይተዋል፦ የኑሮን ውሎ መመዝገብ፣ አስተያየት መስጠት፣ የታመቀ ስሜትን ማውጣት፣ እየጻፉ ማሰብና ማኅበር መፍጠር። እየጻፉ ማሰብ የሚለውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ስለ ደብተር ስናወራ እንመለስበታለን።

ከእኛው አገር ደግሞ ስለ አገር ጉዳይ በብሎግ ይጽፉ የነበሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች አሉ። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ በሽብር ወንጀልም ተከሰሱ። ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ሲወጡ፣ የቀሩትን ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነፃ ያላቸው በጥቅምት 2008 ነው። በጽሑፋቸው የማይስማማ ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበትን ነገር ግን የላይክ ጥማት ብሎ መጠቅለል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ላይክ ጸሐፊን እንደሚያበላሽ ግን አልክድም። ባለፈው ሳምንት ብዙ ልብ ያገኘው ጽሑፍ እንባ የሞላበት ከሆነ፣ የዚህ ሳምንቱም እንባ ካልሞላበት የማይወጣለት ሰው አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቴሌግራም ቻናል ማስተካከያ ውስጥ ሪአክሽንን ማጥፋት ይቻላል፤ ኢንስታግራምም የላይክ ቁጥርን ይደብቃል። ፈተናውን የሚፈራ ያጥፋው፤ መጻፉን ይቀጥል።

የሆድን በሆድ ይዞ መኖር ባህላችን ነው የሚለው ከሁሉም ይበልጥ የተጨበጨበለት ነጥብ ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የተሳሳተውም እሱ ይመስለኛል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ሕዝብ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚልም ሕዝብ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሙሾ ያደመጠ ሰው ባህላችን ዝምታ ነው ሊል አይችልም። ሙሾ የምታወርደው ሴት ሟቹን ብቻ አታለቅስም። የራሷን ብቸኝነት፣ የዘመድን ክዳት፣ ያልተመለሰ ውለታን በግጥም እያወረደች በመንደሩ ፊት ታቆመዋለች፤ ተሰብሳቢውም እያለቀሰ ይቀበላታል። ወፍጮ ላይ ተቀምጣ የምታንጎራጉረው ሙሽራም እንደዚሁ ናት። አማቷ በጓዳ፣ ባሏ በደጅ እንደሚሰሟት እያወቀች ነው በደሏን በዜማ የምትናገረው። አዝማሪ ቤት የገባ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ሲሰጥ፣ የተጣላትን ፍቅረኛውን ወይም የከዳውን ባልንጀራ እያነሣ ነው፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆ ለቤቱ ሁሉ ያሰማዋል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የግል ስሜት በአደባባይ ይነገራል። ስም ግን እምብዛም አይነሣም። የሚናገረው ሰው የራሱን ቁስል ይገልጣል፤ ያቆሰለውን ሰው በሰምና ወርቅ ይሸፍነዋል፤ የገባው ይገባዋል፣ ያልገባው ግጥሙን አድንቆ ይሄዳል። ጸሐፊው ገበና መሸፈን ትልቅ እሴታችን ነው ሲል ልክ ነው። ያልለየው ነገር፣ ገበና መሸፈን የሌላውን ምስጢር መጠበቅ እንጂ የራስን ልብ መቅበር አለመሆኑን ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚሁ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

አንድ ቅርብ ማስረጃ ልጨምር። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን መቅድምና ተስፋ ጎህ በሚባሉ ማኅበራት ተሰባስበው በአደባባይ ቆመው «ቫይረሱ በደሜ አለ» ማለት ጀመሩ። ያኔ ይህን መናገር ከቤት ኪራይ መባረርን፣ ከሥራ መውጣትን፣ በዕድር መሸሽን ሊያመጣ ይችል ነበር። «ሆድ ይፍጀው» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ከምርመራ በኋላ ሕይወት እንዳለ ብዙው ሰው ከፖስተር እንጂ ከሰው አንደበት አይሰማውም ነበር። እነዚህን ሰዎች የውጭ ልማድ ቀጂዎች ናቸው የሚል ካለ ይከራከረኝ።

አሁን ወደ ጉዳቱ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በብዙው እስማማለሁ። ምሳሌ ያደረገው ስለ ፍቺዋ የጻፈች ሴትን ነው፤ የባሏን መልእክቶች ስክሪንሾት አያይዛ ለጠፈችው፣ ጽሑፉ ሰው ሁሉ ጋ ደረሰ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ተጣሉ። ጸሐፊው ከዚህ «አትጻፉ» ወደሚል መደምደሚያ ይዘላል። ጉዳቱን ያመጣው ግን ስለ ፍቺዋ መጻፏ አይደለም። «ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ቤቴ ፈረሰ፤ ከሁሉ የከበደኝ ማታ ማታ አንድ ሰሐን ብቻ ማቅረብ ነው» ብትል የራሷን ነገር ነው የጻፈችው። የባሏ መልእክት ግን የእሷ ብቻ አይደለም፤ እሱ ለእሷ የጻፈው ነው እንጂ ለሰፈር የጻፈው አይደለም። ስለዚህ ከመለጠፍ በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የግል ነው ወይስ የአደባባይ የሚል ሳይሆን፣ ይህ ዓረፍተ ነገር የማን ነው የሚል ነው።

ስም መተው ብቻውን ሰውን አይሸፍንም። ይህን ዓረፍተ ነገር እንይ፦ «በአንድ የግል ባንክ የቦሌ ቅርንጫፍ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ባለፈው ጥቅምት ሠርጓ ከተሰረዘ ወዲህ ከቤት አትወጣም።» ስም የለውም፤ ግን ዝምድና፣ የሥራ ዓይነት፣ ቅርንጫፍና ወር አለው። ከአራቱ ሁለቱ እንኳ በቅርንጫፉ ላሉ ባልደረቦቿ ይበቃሉ። ብዙ ሰው የባንኩን ቅርንጫፍና ወሩን ሰርዞ «እህቴ» የሚለውን እንዳለ ያስቀረዋል፤ ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። የሚለጥፈው ሰው ስም ከታወቀና አንዲት እህት ብቻ ካለችው፣ ዝምድናው ራሱ ስም ነው። ከዚህ የሚሻለው ዓረፍተ ነገሩን ወደ ራስ ማዞር ነው፦ «የምወደው ሰው ሲያዝን ምን ማለት እንዳለብኝ ጠፋኝ፤ ዝም ባልሁ ቁጥር የናቅሁ እየመሰለኝ ተቸገርሁ።» የእህቲቱ ምስጢር ከጽሑፉ ተወግዷል፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው ሐሳብ ግን አንድም አልጎደለም።

የሌላው ሰው ታሪክ ሳይነሣ የማይሆን ከሆነ ፈቃድ ይጠየቅ። «ስላንቺ ትንሽ ነገር ልጽፍ ነው» ብሎ መጠየቅ ፈቃድ አይባልም፤ አንቀጹ እንዳለ ተልኮላት አንብባ ትመልስ። እምቢ ካለች አንቀጹ ይሰረዛል። መጀመሪያ ለጥፎ በኋላ ማስፈቀድ ደግሞ ሰውየውን በሰው ፊት ማስገደድ ነው።

ጊዜም ወሳኝ ነው። በንዴት የተጻፈ ነገር ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደርበት። ረቂቁን ሊለጠፍበት በታሰበው ገጽ ወይም ቻናል ሳጥን ውስጥ መጻፍ አደገኛ ነው፤ አንድ የተሳሳተ ንክኪ ሳይታረም ይልከዋል። ማስታወሻ መጻፊያ ላይ ይጻፍ፣ በሦስተኛው ቀን ከፍ ባለ ድምፅ ይነበብ፤ የሰው ስም ወይም «እሱ ግን» የሚል ቃል የበዛበት አንቀጽ ካለ ክስ እንጂ ሐሳብ አይደለምና እንደገና ይጻፍ።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት የስልክ ጉዳዮች ናቸው፤ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሣቸውም። ፌስቡክ ባለፈው ጊዜ የተመረጠውን ተመልካች ያስታውሳል፤ ትናንት ማስታወቂያ ለሁሉም ክፍት አድርጎ የለጠፈ ሰው ዛሬ ለጓደኞቹ የጻፈው መስሎት የልቡን ለዓለም ይለጥፋል። ከመላክ በፊት ከስም በታች ያለችውን ምልክት ማየት ነው። በቴሌግራም ቻናል ላይ የባለቤቱ ስም በራሱ ጊዜ አይታይም፤ ፊርማ የሚለው ማስተካከያ ከበራ ግን ይወጣል። በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው በግላዊነት ማስተካከያው ውስጥ ስልክ ቁጥሩ ለማንም እንዳይታይና ቁጥሩን የያዘ ሁሉ እንዳያገኘው መዝጋት አለበት፤ መልእክቱ ፎርዋርድ ሲደረግ ወደ አካውንቱ የሚመራው ማያያዣም እዚያው ይዘጋል። የብዕር ስም በአብዛኛው የሚጋለጠው በእነዚህና በሌላ በጣም ቀላል ነገር ነው፦ በእውነተኛ ስም በተከፈተው ገጽ ላይ የነበረውን ፎቶ ወይም አንቀጽ በብዕር ስሙም መልሶ መጠቀም።

ፎቶ በስልክ ሲነሣ የቦታ መለያ አብሮት ሊመዘገብ ይችላል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይወገዳል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ተብሎ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። ከጀርባ የሚታየው የመኪና ታርጋ፣ የቤት ቁጥርና የልጅ ዩኒፎርም ደግሞ ማንም በዓይኑ የሚያነበው ነው። መሰረዝን በተመለከተ ጸሐፊው ትክክል ነው፤ ከቻናሉ የተሰረዘ መልእክት ከዋናው ቦታ ይጠፋል እንጂ ሌሎች ፎርዋርድ ያደረጉትና ስክሪንሾቱ ይቀራሉ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሕጉም ይታወቅ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። የራስን ኀዘን መጻፍ በዚህ አይነካም። «ሰማሁ» ብሎ ስለ ሌላው መጻፍ ግን ሊነካ ይችላል። መስመሩ እዚህም ያው ነው።

ደብተር ይበቃል ለሚለው፣ ለአንዳንድ ነገር አዎን፣ ይበቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከሳንድራ ቢል ጋር ባሳተመው ሙከራ፣ ተማሪዎች ስለ ከባድ ገጠመኛቸው በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ተከታታይ ቀናት ጻፉ። እንደጻፉ ወዲያው ይበልጥ አዘኑ፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ መመላለሳቸው ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ተማሪዎች ያነሰ ነበር። ማንም በአደባባይ አላነበባቸውም። ገና ትኩስ የሆነ ቁስል፣ የደረሰ ጥቃት፣ በፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ፣ ልጆች የሚነኩበት ነገር ሁሉ መጀመሪያ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ምናልባትም እዚያው ይቅር።

ነገር ግን ደብተር አንድ ችግር አለበት። ፔኔቤከርና ባልደረቦቹ በኋላ እንዳዩት፣ በይበልጥ የተሻላቸው ሰዎች ከቀን ወደ ቀን ምክንያትንና መረዳትን የሚገልጡ ቃላት የጨመሩት ናቸው፤ «ምክንያቱም»፣ «ለካ»፣ «አሁን ገባኝ» እንደሚሉት። ያንኑ ምሬት በዚያው ቃል የሚደጋግም ሰው እዚያው ይዞራል። ደብተር ደግሞ ድግግሞሽን አይቃወምም። አንዱ ደብተሩ ላይ «ዛሬም ሥራ ስገባ ልቤ ከበደው፤ ሁሉ ነገር አስጠላኝ፤ ማንም አይረዳኝም» ብሎ ቢጽፍ የሚጠይቀው የለም። ይህንኑ ለማያውቀው አንባቢ ለማስረዳት ሲነሣ ግን «ሁሉ ነገር» ምን እንደሆነ መናገር ይገደዳል፦ «ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የያዝሁት ሥራ ከተማርሁት ጋር አይገናኝም። ቤተሰቦቼ ሥራ በማግኘቴ ስለተደሰቱ፣ ቅሬታዬን ብነግራቸው ውለታ ቢስ እንዳልመስል እፈራለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚከብደኝ ሥራው ብቻ ሳይሆን ደስተኛ መምሰሉ ነው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ አልነበረችም፤ የወጣችው አንባቢ ስለታሰበ ነው። እየጻፉ ማሰብ ያልነው ይህ ነው። ከዚያ «እኔም» የሚል መልስ ሲመጣ፣ ወይም «አባትህን ጠይቀኸው ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ደብተር ሊሰጥ የማይችለው ነገር ተገኘ ማለት ነው። በሃርቫርዱ ጥናትም ሰዎች ስለ ራሳቸው በልባቸው ብቻ ከማሰብ ይልቅ ያሰቡትን ለሌላ ማካፈላቸው ተጨማሪ ደስታ ሰጥቷቸዋል።

የቀረው የሚያውቅ ብቻ ይጻፍ የሚለው ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የውበት ባለሙያ እንጂ ሐኪም አልነበሩም። ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት፣ ብዙ ወላጆች እርግማን እየመሰላቸው ልጆቻቸውን በቤት በሚደብቁበት ዘመን ያዩትንና የደረሰባቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፣ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከልም በአዲስ አበባ ከፈቱ። አንድ ሰው «ይህስ የልጃቸው ጉዳይ አልነበረም?» ቢለኝ፣ ነበር፤ ከባድ ጥያቄም ነው። ራሱ መናገር የማይችል ልጅ ሲሆን ወላጅ ስለ እሱ ይናገራል፤ ያኔም ቢሆን የሚያዋርደውን ትቶ፣ ሌላ ወላጅ በሩን እንዲከፍት የሚያደርገውን መርጦ ነው። ራሱ መናገር ለሚችል ልጅ ግን ይህ ፈቃድ የለም።

የተራ ሰው ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ዝርዝር ሲኖረው ነው። ከሪያድ የተመለሰች እህት «ስደት ክፉ ነው» ብትል ሁሉም የሚያውቀውን ነው ያለችው። ውሉ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ማን አንብቦ እንደነገራት፣ የተባለላት ደመወዝና የተከፈላት ምን ያህል እንደተለያዩ፣ ፓስፖርቷ በማን እጅ እንደነበረ፣ ስልኳ ሲወሰድ ቁጥር በልብ መያዟ እንዴት እንደጠቀማት ብትጽፍ ግን፣ ነገ የምትሄደው ልጅ የውሏን ቅጂ ለእናቷ ትታ ትሄዳለች። የደላላውን ስም ከልጥፍ ይልቅ ለፖሊስ ትስጥ፤ የአሠሪዋን አድራሻም አታውጣ።

ስለ ሕመም ሲጻፍ ምን እንደተሰማና ሐኪም ጋ ለመሄድ ምን እንዳዘገየ ይጻፍ። የመድኃኒት ስምና መጠን ለሌላው እንደ ምክር አይሰጥ፤ የማዘዣ ወረቀቱም ፎቶ አይለጠፍ፤ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ማኅተም አለበትና። ጸሐፊው እዚህ ላይ «ለባለሙያ ይተው» ቢል አብሬው ነኝ። ነገር ግን ባለሙያው ራሱ ክፍሉ የገባን ሰው አስቀምጦ አስቀድሞ የሚጠይቀው መቼ ጀመረህ፣ ምን ስታደርግ ይብስብሃል፣ ሌሊት ነው ቀን፣ ከቤተሰብ እንዲህ ያመመው ሰው አለ ወይ ብሎ ነው፤ ይህን መመለስ የሚችል ደግሞ ያ ተራ ሰው ብቻ ነው።